በቁስል ፕላስተር የተጠቀለለው ሽቦ

የእህቴን ባል ሰፈሩ «ጆሮ» እያለ ነው የሚጠራው። ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ መስመር ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። መሰላሉን ግድግዳ ላይ ያስደግፍና፣ ከወገቡ የምትንጠለጠለውን የመሞከሪያ ስልክ ከሽቦው ጋር አገናኝቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ «ውሃ ገብቶበታል» ይላል፤ ወይም «አይጥ ነክሶታል»፤ ወይም «ይሄስ የሰው እጅ ነው፣ አንዱ ጎረቤት ቀጥሎበታል»። ሲከፈት እንዳለው ሆኖ ይገኛል።

እኔ የሟች ሚስቱ ታላቅ እህት ነኝ። እህቴ ስትሞት ልጇ ሰባት ዓመቷ ነበር። ልጅቷ እስክትረጋጋ ሁለት ሳምንት ልቆይ ብዬ አንድ ሻንጣ ይዤ መጣሁ፤ ይኸው አሥራ ሰባት ዓመቴ። ሻንጣው እስካሁን ከአልጋዬ ሥር አለ። ባል ባላገባም ጭቅጭቁ አልቀረብኝም። እሱ እስከ ዛሬ «እትዬ» እና «እርስዎ» ይለኛል፤ እኔ «አንተ ሰውዬ» እለዋለሁ። እሱ ስለማይናገር የሁለታችንንም እኔ ነኝ የምናገረው።

አንድ ልማድ ነበረው። ጠዋት ፊቱን ታጥቦ ሲጨርስ ሳሎን ያለውን አሮጌ የቤት ስልክ ያነሳና ጆሮው ላይ ያደርጋል። ቁጥር አይመታም። ከስልኩ ድምፅ ሥር የምትሰማ ትንሽ ጭርጭርታ አለች፤ እኔም አንስቼ ሰምቻታለሁ፣ ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ እንደሚሰማው ዓይነት። አንድ ደቂቃ ያህል ያዳምጥና ቀስ ብሎ ይዘጋዋል። «ምን ይሁን ብለህ ነው?» ስለው «መስመሩን ልየው ብዬ ነው እትዬ» ይላል። የሙያ በሽታ ነው ብዬ ተውኩት።

ልጃችን አሁን ሃያ አራት ዓመቷ ነው። በኢንተርኔት ዕቃ ለሚሸጥ አንድ ድርጅት የደንበኞችን ቅሬታ ትቀበላለች፤ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ ማዳመጫዋን ጭንቅላቷ ላይ ሰክታ። ሰው ጫማ አዝዞ ጠባብ ሲመጣለት የሚሰድበው እሷን ነው። እሷ ደግሞ የአባቷ ልጅ ናት፣ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። «ይገባኛል ጌታዬ፣ በጣም ይቅርታ» እያለች ላላጠፋችው ጥፋት ይቅርታ ስትጠይቅ ትውላለች። ከወጥ ቤት ሆኜ ስሰማት፣ ያን ጌታዬ የሚባለውን ባገኘው ጫማውን እኔ ነበርኩ የማጠልቅለት።

ሥራዋ አንድ ሕግ አለው። መስመር ተቋርጦ ደንበኛ ከጠፋባት ይቆጠርባታል፤ ሲበዛ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ከመጣ ቤት ሆኖ መሥራት ቀረ ማለት ነው። ከዚያ ወይ ሥራውን ትለቃለች፣ ወይ የድርጅቱ ቢሮ ወዳለበት ከተማ ሄዳ ለሁለት ዓመት ትፈርማለች። ከተማው በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ያስኬዳል። «አባዬን ጥዬ የት እሄዳለሁ» ትል ነበር። ሰውዬውም ያለ እሷ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ በቀን ሃምሳ ቃል ቢናገር አርባው ለእሷ ነው።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲገባ መስመሩ መቋረጥ ጀመረ። ራውተሩ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ትርገበገብና ቀይ ትሆናለች፤ ልጅቷም «እየሰማሁዎት ነው» እንዳለች አፏን ከፍታ ትቀራለች። የሞባይሉ ኔትወርክ እንዳይረዳን ቤታችን ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው፤ በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ካልተንጠለጠሉ አይገኝም። እንዲያውም አንድ ቀን እዚያ ቆማ ስታነጋግር አንዱ ደንበኛ «የምን የውሃ ድምፅ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«አባዬ፣ ምን ይሆን?» አለችው።

«እናየዋለን እናቴ» አለ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ «እናቴ» ነው የሚላት።

አየው እንግዲህ። መጀመሪያ የቤቱን ስልክ ነቅሎ ራውተሩን ለብቻው ሞከረ። ቀጥሎ የስልኩንና የኢንተርኔቱን የምትለየውን ትንሿን ማጣሪያ ቀየረ። ከዚያ ከጎረቤት ራውተር ተውሶ መጣ፤ እነሱ ቤት ደህና ሲሠራ የነበረው ራውተር እኛ ቤት ሲገባ እንደኛው ሆነ። ከዚያ ከምሰሶው እስከ ቤቱ ግድግዳ ያለውን ገመድ በሙሉ አውርዶ አዲስ ዘረጋ፤ በስድሳ አራት ዓመቱ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ እኔ ከታች መሰላሉን ይዤ እየረገምኩት። በመጨረሻ ሳሎን ያለውን መሰኪያ ነቅሎ አዲስ ገጠመ። በየመሃሉ ፀሐይ ትወጣና ሁለት ሦስት ቀን ደህና ይሆናል። ልጅቷ «አባዬ አገኘው» ትላለች። ደግሞ ይዘንባል፤ ደግሞ ቀይ።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» አልኩት አንድ ቀን። «አንተ እኮ ዳር ዳሩን ነው የምትነካካው።»

ለነገሩ ብዬ እንጂ እኔ ስለ ሽቦ ምን አውቄ። እሱ ግን ቀና ብሎ ረጅም አየኝ። ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተና ወጣ።

ደግሞ ሌላ ቀን የመስመር መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ ይዞ ውጭ ካለው ሳጥን ላይ ለካ። ገባና ከመሰኪያው ላይ ለካ። ቁጥሩን በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ ጻፈ። ከዚያ በግድግዳው ጥግ ጥግ በእርምጃ እየቆጠረ ሄዶ ትልቁ ቁም ሳጥን ፊት ቆመ። ቆመ፣ ቆመና መዳፉን በምራቁ አርሶ ሱሪው ላይ ጠረገው። ጠረጴዛ እየወለወልኩ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት ይሄን ነው።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ልጅቷ ራሷ ለብልሽት ክፍሉ አመለከተች። የመጣው ድሮ ከጆሮ ጋር አብሮ የሠራ አንድ ወፍራም ሰው ነው። ተሳሳቁ፣ ሻይ ጠጣ፣ ለካ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ግድግዳው ውስጥ ነው» አለ። «ቱቦው መሃል ላይ ስካቶላ አለ?»

ስካቶላ የሚሉት ሽቦና ሽቦ የሚጋጠምባትን፣ ግድግዳ ውስጥ የምትቀበር ትንሽ ሳጥን ነው።

«የለም» አለ ጆሮ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«የዘረጋሁት እኔ ነኝ።»

ወፍራሙ ሰው ትከሻውን ነቀነቀ። ከጆሮ ጋር ስለ መስመር ማን ይከራከራል። ሻዩን ጨርሶ ሄደ።

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ የመጣው አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሲያጉረመርም የቆየው ሰማይ ዝናቡን አወረደው። ልጅቷ አንዲት አሮጊት እያነጋገረች ነበር፤ ሴትዮዋ ለልጅ ልጇ ያዘዘችው ብርድ ልብስ አልደረሰም። «አይዞዎት እማማ፣ አሁን ፈልጌ እነግርዎታለሁ፣ አይዝጉብኝ» ስትላት ቀይ ሆነ። ተመልሶ ሲመጣ ሴትዮዋ የለችም፣ ማስጠንቀቂያው ግን ስክሪኑ ላይ ተቀምጧል። ልጅቷ ማዳመጫዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ገመዱን በሥርዓት ጠቀለለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ስናደድ አፌን የሚይዘው የለም። አባትየው በር ላይ ቆሞ እየሰማ እንዲህ አልኳት፦

«ልጄ፣ ሂጂ። በዚህ ቤት ወጣትነትሽን አትጨርሺ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ቤት ሲያበጅ ኖሮ የራሱን ሽቦ ማግኘት ያቃተው ሰው ነው። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ሲሉ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። በአባትሽ ሙያ ተስፋ ቁረጪ።»

«እቴቴ፣ ተይ» አለችኝ።

እሱ «እውነቷን ነው እናቴ፣ አቅቶኛል» አለና ወደ ጓሮ ወጣ። ልጅቷ አባቷ አቅቶኛል ሲል ሰምታ አታውቅም። ማታውን ለድርጅቱ እመጣለሁ ብላ ጻፈች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ እኔም አልመለስኩት።

በአሥረኛው ቀን አውቶቡስ ተራ ሸኘናት። ሻንጣዋን እሱ ነው የተሸከመው፤ ወያላው ሊቀበለው ሲል እንኳን እንቢ ብሎ ራሱ ጫነላት። «ስትደርሺ ደውይ» አላት። «በየትኛው መስመር?» ብላ ሳቀችበት፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ለመንገድ ያሰርኩላትን ዳቦ ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ በመስኮት ነው የሰጠኋት። አውቶቡሱ ከዓይን ሲጠፋ ሰውዬው እጁን እንዳነሳ ነበር።

ቤት ስንገባ ጫማውን እንኳን አላወለቀም። ቀጥ ብሎ ሄዶ ቁም ሳጥኑን መግፋት ጀመረ። ያ ቁም ሳጥን የእህቴ ነው፤ እኔ በዚህ ቤት አሥራ ሰባት ዓመት ስኖር ከቦታው ሲነቃነቅ አይቼ አላውቅም። ቤቱን ቀለም ሲቀባ እንኳን ከጀርባው ያለውን «እኔ እቀባዋለሁ» እያለ ያስወጣኝ ነበር። ሲገፋው ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ክዳን ብቅ አለች። ዙሪያዋ ሦስት ዓይነት ቀለም ተደራርቧል፤ እሷን ግን ቀለም ነክቷት አያውቅም።

«የለም አላልክም?» አልኩት።

«ብያለሁ» አለ።

ብሎኖቹን ፈታ። ውስጥ ሁለት ሽቦዎች ከወዲህና ከወዲያ መጥተው ተጋጥመዋል፤ መጋጠሚያው ደግሞ በኤሌክትሪክ ናስትሮ ሳይሆን በቁስል ፕላስተር ነው የተጠቀለለው። ያው ጣት ሲቆረጥ የምናስረው የጨርቅ ፕላስተር፤ ዕድሜ ቡናማ አድርጎታል፣ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ዝገት ወጥቶበታል።

«ማነው ይሄን ጉድ የሠራው?» አልኩ።

ሰውዬው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። በዚያ ቀን የተናገረውን ያህል በአንድ ዓመት ተናግሮ አያውቅም።

«እዚህ ቤት የገባን ቀን ነው። እኔ ምሰሶው ላይ ነኝ፣ ዝናብ ደርሷል። እህትዎ በመስኮት ብቅ ብላ ‹እኔ ልቀጥለው› አለችኝ። አስተምሬያት ነበር፤ ልጣጩን ላጪ፣ ጠምዝዥ፣ ጠቅልይ። ናስትሮው ግን ከኔ ጋር እላይ ነው። ወርጄ ሳየው በፕላስተር ጠቅልላዋለች። ሳቅኩባት። ‹ቆስሎ ነው እንዴ?› አልኳት። ‹ይድናል› አለችኝ።» ክዳኗን በእጁ አገላበጣት። «ነገ በይጄ በናስትሮ አደርገዋለሁ ብዬ ነበር፣ ለጊዜው ነው ብዬ። በኛ ሥራ፣ እትዬ፣ ለጊዜው ተብሎ እንደተቀጠለ ሽቦ ዕድሜ ያለው የለም።»

«ታውቅ ነበር? ሲቋረጥ የነበረው በዚህ መሆኑን?»

«ከመጀመሪያው ዝናብ ጀምሮ። ጨርቅ ነው፣ አርጅቷል፤ ግድግዳው ሲረጥብ ይጠጣል።»

ደሜ ፈላ። ልጅቷ እኮ ሄደች፣ አሁን መንገድ ላይ ናት፣ ገና ግማሹን እንኳን አልሄደችም። ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። ፊቱን ሳየው ግን ድምፄ የወጣው እንደ ልመና ሆኖ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይቺን ለማስታወሻ ከፈለግካት ግድግዳው ውስጥ ትተዋት በውጭ በኩል አዲስ ገመድ አትዘረጋም ነበር? እኔ እንኳን ይሄ ይገባኛል።»

«ገመዱን ገዝቼ ነበር» አለ። «ጓሮ አለ፣ ሄደው ይዩት። ሦስት ጊዜ ጀመርኩት። ግን ያን ካደረግኩ ይቺ ሥራ ታቆማለች።» በሁለት ጣቱ ፕላስተሩን ነካ አደረገው። «በዚህ ቤት የተነገረ ነገር ሁሉ በሷ እጅ ነው ያለፈው። ልጅቷ ፈተና አልፌያለሁ ብላ የደወለችው፣ እርስዎ ወንድምዎን በስልክ የሰደቡት፣ ሁሉም። ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት የቀረላት ሥራ ይሄ ብቻ ነበር። ነገ፣ ነገ ስል ልጄ ሄደች።»

ጠዋት ጠዋት ስልኩን አንስቶ ምን ሲሰማ እንደኖረ ያን ጊዜ ገባኝ። ያቺ ጭርጭርታ የዚህች መጋጠሚያ ነበረች።

ፕላስተሩን ቀስ ብሎ ፈታው። ሥሩ ያለው መዳብ አረንጓዴና ጥቁር ሆኗል፤ አጠማዘዙ ግን እንዳለ ነው። ሽቦ ሲጠመዘዝ አይቼ አውቃለሁ፤ ሰውዬው ሲሠራ አጠገቡ ስንት ዓመት ቆሜያለሁ። ይሄኛው በተቃራኒው ነው የዞረው።

«በግራ ነው የጠመዘዘችው» አልኩ።

«በጨለማም ብነካው አውቀዋለሁ» አለ።

እህቴ ግራኝ ነበረች። አባታችን ይሄን አይወድም ነበር፤ እኔ ደግሞ ታላቅ ነኝ፣ አሠልጥኛት ተብዬ ተሰጥታኛለች። አምስት ዓመት ሲሆናት ግራ እጇን በሻርፕ ከወገቧ ጋር እያሰርኩ በቀኝ አስጽፋት ነበር። ጣቶቿ ሻርፑ ውስጥ ሲላወሱ አያለሁ፤ አልፈታላትም። በቀኟ መጻፍ ቻለች፣ ተመሰገንኩበት። ማንም በማያይበት ግን ሁሉን ነገር በግራዋ ነበር የምትሠራው፤ ፀጉሯን የምታበጥረው፣ መርፌ የምትሰካው፣ እኔ ስመጣ እጅ የምትቀይረው። ባሏ እላይ፣ እሷ ብቻዋን ቤት ውስጥ፤ በግራዋ ጠመዘዘችው። ማልቀስ እንደጀመርኩ ያወቅኩት ሰውዬው መሐረቡን ሲሰጠኝ ነው።

ከዚያ ፒንሳውን አነሳ። ሽቦው ላይ አደረገው፤ እጁ ግን አልጨበጠም። ደገመው። ስንት ሺህ ሽቦ የቆረጠ እጅ ነው።

«እትዬ» አለኝ። «እርስዎ ይቁረጡት።»

እንቢ ልለው ነበር። ሁልጊዜ ሰውን ወደ ቆረጣ የምገፋ እኔ ነኝ፤ ልጅቷን ሂጂ ያልኩ እኔ፣ ያቺን እጅ ያሰርኩ እኔ። ፒንሳውን ተቀበልኩት። ከወዲህ አንድ፣ ከወዲያ አንድ፤ ቀጭን ነገር ነው፣ ድምፅ እንኳን አላወጣም። እሱ ወዲያው ሥራ ጀመረ። አዲሱን መዳብ ላጠ፣ ጠመዘዘ፣ በየደ፣ በናስትሮ ጠቀለለ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። ራውተሩ አረንጓዴ ሆነ።

በሳምንቱ ልጅቷ በቪዲዮ ደወለች። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሰማይ ተቀዶ ይዘንባል። ምስሏ አልተቆራረጠም፤ የተከራየችው ክፍል ግድግዳ ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል።

«አባዬ፣ እንዴት ጠርተሃል! እዚያ አይዘንብም?»

«ይዘንባል።»

«አገኘኸው ማለት ነው? ምን ነበር?»

እኔን አየኝ። እኔ ሰው ሳያስጨርስ የሚናገረው አፌ ተዘጋ።

«አሮጌ ሽቦ ነበር እናቴ» አለ።

ልጅቷ «አንድ ወር ቀደም ብለህ ብታገኘው ኖሮ» አለች፤ ልትወቅሰው አይደለም፣ እንዲያው ናፍቋት ነው። ፈርማለች፤ ሁለት ዓመት ነው።

«አዎ» አለ። «ቀደም ብዬ ባገኘው ኖሮ።»

ስትዘጋ ተነስቶ የቤቱን ስልክ አነሳ። ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ ቆየ። የተቆረጠችው መጋጠሚያ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ እንዳለች አውቃለሁ፤ ሸሚዙን ሳጥብ እያወጣሁ የምመልሳት እኔ ነኝ።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«ምንም አይሰማም እትዬ» አለ። «ንጹሕ ነው።»

ስልኩን አስቀመጠው። በማግስቱ ጠዋት ፊቱን ታጥቦ በአጠገቡ አለፈ፤ አላነሳውም።